ዓይን ያልለያቸው ሁለት ወፎች

ጉንጨ ግራጫው ትረሽ እና የቢክኔል ትረሽ የሚባሉትን ሁለት የሰሜን አሜሪካ ወፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው “የቱ የቱ ነው?” ቢሉት፣ ዕድሜውን ሙሉ ወፍ ሲያይ የኖረ ሰውም ቶሎ አይመልስም። የሁለቱም ጀርባ ቡናማ ነው። የሁለቱም ሆድ ነጣ ያለ፣ ደረታቸውም ጠቆር ባለ ነጠብጣብ የተረጨ ነው። ክብደታቸው 30 ግራም አካባቢ ነው። ሰው ሲያዩ ሁለቱም ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ይሰወራሉ። ከሩቅ ላየው አንድ ናቸው፤ ቀርቦ ላየውም አንድ ናቸው። ሳይንሱ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ አንድ ዝርያ ቆጥሯቸው ኖሯል፤ በይፋ የተለያዩት በ1995 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ በመልክ ይህን ያህል የሚመሳሰሉ ወፎች እንዴት ሁለት ሆኑ? ወፎቹ እንደሆኑ አልተለወጡም። የተለወጠው ሰዎች የሚመለከቱት ነገር ነው። ላባ ላይ ተተክሎ የነበረው ዓይን ወደ ዜማው፣ ወደ ካርታውና ወደ ጎጆው ዞር ሲል ልዩነቱ ወለል ብሎ ታየ።

ትረሽ የአንድ ትልቅ የወፍ ቤተሰብ የወል ስም ነው። አብዛኞቹ አባላቱ መሬት ላይ እየዘለሉ ቅጠል እየገለበጡ ትልና ነፍሳት የሚለቅሙ፣ ፍሬ ሲያገኙም የማይምሩ፣ ድምፃቸው የሚያምር ወፎች ናቸው። ሁለቱ ወፎቻችን ካታሩስ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን “ንጹሕ” ማለት ነው። ከዚሁ ወገን ቪሪ፣ የስዌይንሰን ትረሽና ኸርሚት ትረሽ የሚባሉት ሦስቱም በሰሜን አሜሪካ ደኖች ይራባሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ቡናማ ጀርባና ነጠብጣብ ደረት ያላቸው ናቸው። አምስቱም ከአንድ ጣቃ ጨርቅ የተቆረጠ ልብስ የለበሱ ይመስላሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው ሰኔ 15 ቀን 1881 ነው። ዩጂን ቢክኔል የሚባል የ21 ዓመት ወጣት በኒውዮርክ ግዛት ካትስኪል ተራሮች ውስጥ፣ ስላይድ ማውንቴን ከሚባለው ተራራ ጫፍ አጠገብ ሳለ የማያውቀው የወፍ ድምፅ ሰማ። ቢክኔል በሙያው ሳይንቲስት አልነበረም፤ ተፈጥሮን የሚወድ አማተር ነበር። በዚያ ዘመን ደንብ ወፍ የሚጠናው በጠመንጃ ስለነበር፣ ናሙናውን ይዞ ወረደ። ስሚዝሶኒያን በሚባለው የአሜሪካ የሙዚየምና የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው የወፍ ሊቅ ሮበርት ሪጅዌይ ናሙናውን መርምሮ በ1882 በወጣቱ ስም ሰየመው፤ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ ሳይሆን የጉንጨ ግራጫው ትረሽ ንዑስ ዝርያ አድርጎ ነው። ልብ በሉ፤ ወፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታወቀው ድምፁ ነበር። የተፈረደለት ግን በቆዳውና በላባው ነው። ጥፋቱ ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል።

ስለ ስያሜ ካነሣን አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ጉንጨ ግራጫው ትረሽ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ቀደም ብሎ፣ በ1848 ነው። ፈረንሳዊው ላፍረስናይ ከኮሎምቢያ የመጣ ናሙና ይዞ “ሚኒሙስ” አለው፤ በላቲን “ትንሹ” ማለት ነው። ከእሱ የሚያንሰው ወንድሙ ሲገኝ ስሙ አስቀድሞ ተይዟል። ዛሬም ከሁለቱ ትልቁ “ትንሹ” እየተባለ ይጠራል። በስያሜ ሕግ ቀድሞ የተሰጠ ስም አይነጠቅምና የሚስተካከልበት መንገድ የለም።

ዝርያ ማለት ምንድን ነው?

ሰዎች በአብዛኛው ዝርያን በመልክ ነው የሚያስቡት። በሥነ ሕይወት ዘንድ ግን፣ በተለይ ኤርነስት ማየር በ1942 ካብራራው ወዲህ፣ ዋናው መለኪያ ሌላ ነው፦ በተፈጥሮ እርስ በርስ እየተዳቀሉ የሚኖሩ እንስሳት አንድ ዝርያ ናቸው፣ ከሌሎች ጋር የማይቀላቀሉ ከሆነ ደግሞ የተለዩ ናቸው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሁለቱ ወፎች በመራቢያ ወቅት የማይገናኙ ሲሆኑ ነው። ተገናኝተው የማያውቁ ወፎች “ቢገናኙ ይጋቡ ነበር ወይ?” ተብሎ በምን ይፈተናል? ዳኛው ቀጥተኛ ምስክር ስለሌለው የአካባቢ ማስረጃ ይሰበስባል፤ ልኬት፣ ዜማ፣ ዘረ መል፣ መኖሪያ። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ ግን ፍርዱ ይቀላል።

ጆርጅ ዋላስ በ1939 የቢክኔልን ትረሽ አኗኗር በስፋት ያጠና የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ እሱም በንዑስ ዝርያነቱ አጸናው። ነገሩን እንደገና የከፈተው ካናዳዊው አንሪ ዌሌ ነው። በ1993 ባሳተመው ጥናት የአካል ልኬቱን፣ ዜማውን፣ ዘረ መሉንና የሚኖሩበትን ምድር በአንድ ላይ አቅርቦ ሁለቱ ወፎች የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ሲል ተከራከረ። የአሜሪካ ወፍ አጥኚዎች ማኅበር ከሁለት ዓመት በኋላ ተቀበለው። ሁሉም ወዲያው ተስማምቶ ነበር ማለት አይደለም፤ ልኬቱ ስለሚደራረብ ብቻ ያንገራገሩ ባለሙያዎች ነበሩ።

ከአካሉ እንጀምር፣ ከደካማው ማስረጃ

ለጥናት የሚያዝ ወፍ በዛፎች መካከል በተዘረጋ ስስ መረብ ይጠለፋል። የያዘው ሰው አንገቱን በሌባ ጣትና በመሐል ጣት መካከል አድርጎ፣ ጀርባውን መዳፉ ላይ አሳርፎ ይይዘዋል፤ ወፉ በዚህ አያያዝ አይጎዳም፣ መተንፈስም አይከለከልም። ከዚያ የታጠፈውን ክንፍ ጫፉ ላይ ማቆሚያ ባለው ማስመሪያ ያስጠጋል። ከክንፉ መታጠፊያ እስከ ረጅሙ ላባ ጫፍ ያለው ርዝመት ከ94 ሚሊ ሜትር ካነሰ ወፉ የቢክኔል ሳይሆን አይቀርም። ከ98 ከበለጠ ጉንጨ ግራጫው ሊሆን ይችላል። በመካከሉ ያሉት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች የማንም አይደሉም፤ ትልቅ ወንድ ቢክኔልና ትንሽ ሴት ጉንጨ ግራጫ እዚያ ላይ ይገናኛሉ።

ቀለሙም ይረዳል፣ ግን በጥቂቱ። የቢክኔል ትረሽ ጅራት ወደ ቀይ ዳማ የሚያደላ ሲሆን ከጀርባው ጋር ሲተያይ ለየት ይላል። የታችኛው ምንቃሩም ቢጫነት ሰፋ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ያልፋል። የጉንጨ ግራጫው ጀርባ ቀዝቃዛ፣ ወደ አመድማ የሚሄድ ቡናማ ነው። እንዲህ ሲጻፍ የሚለዩ ይመስላል። ጥላ ባለበት ደን ውስጥ፣ ፀሐይ በቅጠል መሐል እየገባች እየወጣች፣ ቀይ ዳማና አመድማን መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ የሚራቡት ጉንጨ ግራጫዎች ከሌሎቹ ወገኖቻቸው ይልቅ ሞቅ ያለ ቡናማ ቀለም አላቸው። ማለትም ከጎረቤቱ ጋር በጣም የሚመሳሰለው ጉንጨ ግራጫ የሚኖረው ለቢክኔል አገር በጣም በሚቀርበው ደሴት ላይ ነው። ለዪውን ሰው ለማሰቃየት ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል።

የክንፉ ርዝመት ግን ተራ ቁጥር አይደለም። ረጅም ጉዞ የሚጓዙ ወፎች ከቅርብ ዘመዶቻቸው ይልቅ ረዘም ያለና ሹል ክንፍ ይኖራቸዋል፤ እንዲህ ያለ ክንፍ ለረጅም በረራ ጉልበት ይቆጥባል። ጉንጨ ግራጫው ደግሞ የዋዛ ተጓዥ አይደለም።

ካርታው

ጉንጨ ግራጫው ትረሽ ክረምቱን፣ ማለትም የሰሜኑን የቅዝቃዜና የበረዶ ወቅት፣ የሚያሳልፈው በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል፣ አማዞንን ጨምሮ ባሉ ደኖች ነው። የሚራባው ከኒውፋውንድላንድና ከላብራዶር ተነሥቶ የካናዳን ሰሜን ይዞ እስከ አላስካ፣ ከዚያም የቤሪንግን ባሕር ተሻግሮ እስከ ሳይቤሪያ ምሥራቃዊ ጫፍ ድረስ በሚዘልቅ ሰፊ መሬት ላይ ነው። ሳይቤሪያ ላይ የተፈለፈለው ጫጩት እንኳ ክንፉ ሲጠነክር ወደ እስያ ደቡብ አይሄድም። ወላጆቹ የመጡበትን መንገድ ይዞ፣ አሜሪካን አቋርጦ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይወርዳል። ለመራባት ወደ ሰሜን ሲመለሱ በኮሎምቢያ ሳንታ ማርታ ተራሮች ያርፉና ለረጅሙ በረራ የሚሆን ስብ ያከማቻሉ።

የቢክኔል ትረሽ አገር ከዚህ ጋር ሲተያይ እፍኝ አትሞላም። በኒውዮርክ፣ በቨርሞንት፣ በኒው ሃምፕሸርና በሜይን ተራሮች አናት ላይ፣ ከዚያ በደቡባዊ ኩቤክ፣ በኒው ብራንዝዊክና በኖቫ ስኮሺያ አንዳንድ ከፍታዎች ብቻ ነው የሚራባው። እዚያም ቢሆን ማንኛውም ደን አይሆነውም። የሚፈልገው ባልሳም ፈር የሚባለው ጥድ መሰል ዛፍ በነፋስና በበረዶ ተቀጥቅጦ፣ አጥሮና ተጣብቆ የሚበቅልበትን ቦታ ነው። ሰው በእጁ እየገፋ፣ ጎንበስ ቀና እያለ ነው የሚያልፈው። ከዛፉ ቅርንጫፍ ጋር ታግሎ አሥር ሜትር የተራመደ ሰው ይህ ወፍ ለምን ዘመኑን ሙሉ ሳይታይ እንደኖረ ይገባዋል።

የክረምት ቤቱም ሌላ ነው፦ የካሪቢያን ደሴቶች። አብዛኞቹ የሚሰፍሩት ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሚጋሯት የሂስፓኒዮላ ደሴት ሲሆን ጥቂቶች በኩባ፣ በጃማይካና በፖርቶ ሪኮ ይገኛሉ። እዚያም ወንዶቹና ሴቶቹ እኩል አይሰፍሩም። ወንዶቹ እርጥብና ጉም የማይለያቸውን የተራራ ደኖች ይይዛሉ፤ ሴቶቹ በብዛት ወደ ዝቅተኛው፣ ጥራቱ ወደሚያንሰው ደን ይገፋሉ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ጎጆው ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ዜማው

የወፍ ድምፅ የሚፈልቀው የመተንፈሻ ቱቦው ለሁለት ከሚከፈልበት ሥፍራ ካለ ሲሪንክስ ከሚባል ብልት ነው። ብልቱ ሁለት ጎን አለው፤ ሁለቱም ጎኖች ለየብቻ ድምፅ ማውጣት ይችላሉ። የትረሾች ዜማ ከአንድ ጉሮሮ የወጣ የሁለት ሰው ድምፅ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ እየተጠመዘዘ፣ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል።

የሁለቱ ወፎቻችን ዜማ አጀማመሩ ይቀራረባል፤ ቀጭንና አፍንጫ አፍንጫ የሚል፣ የሚሽከረከር ድምፅ ነው። መለያው አጨራረሱ ላይ ነው። ጉንጨ ግራጫው ሲጨርስ ድምፁ ወደ ታች ይወርዳል። የቢክኔል ትረሽ ሲጨርስ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቢያንስ ሳይወርድ ይቆያል። የድምፅ ቅጂውን በኮምፒውተር ላይ በሥዕል መልክ ሲያዩት ነገሩ ጆሮ ለሌለው ሰውም ግልጽ ነው፤ የአንዱ መስመር መጨረሻ ቁልቁል፣ የሌላው ሽቅብ ይታያል።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የዚህ ቤተሰብ ወፎች ዜማቸውን ሙሉ በሙሉ ይዘው አይወለዱም፤ ልጆች ሆነው ሰምተው ይማሩታል። ስለዚህ ዜማ እንደ ሰው ዘዬ በአካባቢ ሊለያይ ይችላል፤ ልዩነቱ ብቻውን የተለየ ዝርያ አያሰኝም። ይሁንና ዜማ የጋብቻ ጥሪ ነው። ሴቷ ዜማውን የራሷ ወገን አድርጋ ካልሰማችው አትቀርብም። በዚህ ምክንያት የዜማ ልዩነት ከጥቂት ሚሊ ሜትር ክንፍ ይልቅ ክብደት አለው።

የቢክኔል ትረሽ በብዛት የሚዘምረው ጎህ ሲቀድና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ቀኑን ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ይውልና፣ የተራራው አናት ጨልሞ ሰማዩ ብቻ ነጣ ብሎ ሲቀር፣ ወንዱ አንዳንዴ ከቅርንጫፉ ተነሥቶ በአየር ላይ እየዞረ ይዘምራል። ከታች የቆመ ሰው የሚያየው ጥቁር ነጠብጣብ ቢሆን ነው፤ ድምፁ ግን ከራሱ በላይ ክብ እየሠራ ሲዞር ይሰማዋል።

ዘረ መሉ

ከእናት ብቻ የሚወረሰው የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሲመረመር ሁለቱ ወፎች የየራሳቸው መስመር እንዳላቸው ታየ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የተለያዩት በበረዶ ዘመናት ነው ለማለት ይበቃል። በምድር ታሪክ ይህ የትናንት ያህል ነው። መልካቸው ያልራቀውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጊዜ አላገኙም። ሁለቱም ከሌሎቹ ካታሩሶች ሁሉ ይልቅ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ።

ጎጆው

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ የወፍ መጽሐፍ ላይ የሚገኝ የመለያ ወሬ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቢክኔል ትረሽ ቤተሰባዊ ኑሮ ነው።

የተለመደው የትረሾች ሥርዓት ይታወቃል፦ አንድ ወንድና አንድ ሴት ጥንድ ይሆናሉ፣ ወንዱ ክልሉን በዜማ ያስከብራል፣ ጫጩቶቹን ሁለቱም ይመግባሉ። ተመራማሪዎች በቨርሞንት ተራሮች፣ ማውንት ማንስፊልድን በመሰሉ ቦታዎች፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የቢክኔል ትረሾችን እግር ላይ ባለ ቀለም ቀለበት እያሰሩ ጎጆዎቹን ሲከታተሉ ያዩት ግን ይህን አልነበረም። አንዲት እናት፣ ሦስት ወይም አራት ጫጩቶች፣ ምግብ የሚያመላልሱ ደግሞ ሁለት ወንዶች። አንዳንዱ ጎጆ ላይ ሦስት ወንዶች፣ አራትም የታዩበት ጊዜ አለ። ከጫጩቶቹ ደም ተወስዶ ዘረ መሉ ሲታይ፣ በብዙዎቹ ጎጆዎች ያሉት ወንድማማቾች አባታቸው አንድ አይደለም። ያው ወንድ ደግሞ በሌላ ጎጆ ሌላ ልጅ አለው፤ እዚያም ምግብ ያደርሳል። ሴቷ ከብዙ ወንድ፣ ወንዱ ከብዙ ሴት ይወልዳሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት በወፎች ዓለም ብርቅ ነው።

ወንዶቹ ክልል አጥረው አለመቀመጣቸውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የአንዱ መዋያ ከሌላው ላይ ተደርቦ ይገኛል። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተራርቀው ሲሰፍሩ ወንዶቹ በመካከላቸው ይዞራሉ።

ይህ ለምን መጣ? አንዱ ፍንጭ የወንዶቹ ቁጥር መብለጡ ነው። በመራቢያው ተራራ ላይ ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ ይበዛሉ። እዚህ ላይ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይመጣል፤ ሴቶቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት ይበልጥ በተጎዳው ደን ከሆነ፣ በሕይወት ተርፈው የሚመለሱትም ያንሳሉ። የካሪቢያን ደን መቆረጥ በቨርሞንት ተራራ ላይ ያለውን የጋብቻ ሒሳብ ያዛባል እንደ ማለት ነው። ሌላው ፍንጭ ምግብ ነው፤ ቀዝቃዛ ተራራ ላይ ነፍሳት አይትረፈረፉም፣ ወቅቱም አጭር ነው። ጫጩቶቹን ለማሳደግ ከሁለት በላይ ምንቃር ቢኖር ትርፍ ነው። ወንዱም አንዱ ጎጆ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ዘር ይተርፈዋል።

ጎጆ ደግሞ ይጠፋል፣ በዙርም ይጠፋል። ባልሳም ፈር ፍሬውን አንድ ዓመት በብዛት ሰጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ይነጥፋል። ፍሬው በበዛበት ዓመት ቀይ ስኩዊረል የምትባለው፣ ጭራዋ የተንጨፈረረ የዛፍ ላይ እንስሳ፣ ጠግባ ትከርምና ትራባለች። በተከታዩ የመራቢያ ወቅት ተራራው በስኩዊረል ይሞላል፤ የዛፉ ፍሬ ግን የለም። ያን ጊዜ የወፍ እንቁላልና ጫጩት ይፈለጋል። ስለዚህ ለቢክኔል ትረሽ አንዱ ዓመት የደህና፣ ቀጣዩ የመከራ ይሆናል። ጫጩት የሚያድግበትን ዓመት የሚወስነው ዛፉ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መለየቱ ምን አመጣ?

አንድ ዝርያ ሆነው በተቆጠሩበት ዘመን፣ የቢክኔል ትረሽ ቢጠፋ እንኳ “ጉንጨ ግራጫው በሽ ነው” ተብሎ ይታለፍ ነበር። እውነትም የጉንጨ ግራጫው ቁጥር በብዙ ሚሊዮን ይገመታል። ተለይቶ ሲቆጠር ግን የቢክኔል ትረሽ በዓለም ላይ ያለው ቁጥር ከ100,000 ብዙም የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለአደጋ ከተጋለጡት መዝግቦታል፤ የካናዳ የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2009 ስጋት ላይ ያለ ዝርያ ብሎታል።

የሚያሰጋው አንድ ነገር አይደለም። አየሩ ሲሞቅ የባልሳም ፈር ቀበቶ ወደ ላይ ይገፋል፤ ተራራ ግን ጫፍ አለው። በአየር ተጉዞ ከፍታ ላይ የሚራገፈው ሜርኩሪ በወፎቹ ደም ውስጥ ተገኝቷል። በካሪቢያን ከደኑ መመንጠር በተጨማሪ ከመርከብ የወረዱ የውጭ አይጦች ሌሊት ያደረ ወፍ ይበላሉ። ከጉንጨ ግራጫዎቹም የኒውፋውንድላንዶቹ፣ እነዚያ ሞቅ ያለ ቡናማ የለበሱት፣ በእጅጉ ቀንሰዋል።

በመስከረም ሁለቱም ወደ ደቡብ ሲጓዙ መንገዳቸው በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይገናኛል። ያን ጊዜ አይዘምሩም። ሌሊት እየበረሩ የሚያሰሙት አጭር ጥሪ አለ፤ የቢክኔሉ ከፍ ያለ ነው ይባላል፣ ለሠለጠነ ጆሮም ግን አንዳንዴ ይምታታል። ቀን ላይ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቀው ዝም ይላሉ። የወፍ ምልከታ የሚመዘገብባቸው ዝርዝሮች ለዚህ ብለው “ጉንጨ ግራጫ ወይም ቢክኔል” የሚል ለብቻው የተዘጋጀ መስመር አላቸው። መረብ ውስጥ ገብቶ ክንፉ 96 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የምንቃሩ ቢጫ ግማሽ ላይ የቆመ፣ ጅራቱ ቀይም አመድማም የሚመስል ወፍ ሲያጋጥመው፣ መዛኙ በዚያ መስመር ላይ ይጽፈውና መዳፉን ይከፍትለታል።